ጎማ ሲተነፍስ የመሰለው ድምፅ፦ በቀወት ቆላ የተደረገ የአራት ሌሊት የእባብ ፍለጋ

ይህ ጽሑፍ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በሰሜን ሸዋ ቀወት ወረዳ ቆላ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመስኖ መንደር፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሰዎች በእባብ ከተነደፉ በኋላ ያደረግነውን የአራት ሌሊት ፍለጋ ይዘግባል። የመንደሩንም ሆነ የተነደፉትን ሰዎች ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ እንጂ የእባብ ሊቅ አይደለሁም፤ በፍለጋው የገባሁትም የመንደሩ ሰዎች “የነደፈው የትኛው እንደሆነ ለይልን” ብለው ስለጠየቁኝ ነው። በመካከሉ የሠራሁት አንድ ስህተት ነገሩን ወደ ከፋ አቅጣጫ ሊወስደው ስለነበረ፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ቦታው

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማበር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ገና መንገዱን ሳይጨርስ የደረበውን ጋቢ ማውለቅ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእርሷ በስተምሥራቅ ያለው መሬት ደግሞ ወደ አፋርና ወደ አዋሽ ተፋሰስ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ይህንን ግራር፣ ቁልቋልና ጥቁር ድንጋይ የሞላበትን ሜዳ በጠቅላላው “በረሃ” ይለዋል። አሸዋ የተከመረበት በረሃ ባይሆንም፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ሌሊትም ቢሆን ስለማይበርድ ስሙ የሚያንሰው አይመስለኝም።

ከዚህ በረሃ ጠርዝ ላይ ግን ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ የሚደርሳቸው ማሳዎች አሉ። ሽንኩርት፣ ማሾና ማሽላ ይመረትባቸዋል። ውሃው ስለማይበቃ በተራ ይከፋፈላል፤ ተራውን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ “የውሃ አባት” ይባላሉ። የአንድ ገበሬ ተራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሊደርሰው ይችላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም ሊደርሰው ይችላል። ሌሊት የደረሰው ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ፣ የቦዩን ዳር ይዞ ይሄዳል። ጭቃ ውስጥ ስለሚገባ ጥሩ ጫማ ማድረግ ለእርሱ ጫማ ማበላሸት ነው። የእጅ ባትሪም ቢኖረው የሚያበራው ውሃውን ለማየት እንጂ የሚረግጠውን ለማየት አይደለም። ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባውቀውም ክብደት ሳልሰጠው ቀርቻለሁ።

ሁለቱ ሰዎች

የመጀመሪያው በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ የመንደሩ ገበሬ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ውሃ ለመመለስ ሲሄድ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተነደፈ። እባቡን አላየውም። ኋላ ስጠይቀው “ሲተነፍስ ሰማሁት፤ የብስክሌት ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ዞር ስል እግሬን እሳት በላኝ” አለኝ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ በትክክል ጽፌዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

ጎረቤቶቹ በገመድ ከጉልበቱ ሥር አጥብቀው አሰሩት፤ የእባብ መርዝ ይስባል የሚባል ጥቁር ድንጋይ ወዳለው ሰው ወሰዱት፤ የተነደፈበትንም ቦታ በምላጭ በጡት። ጤና ጣቢያ የደረሰው በማግሥቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ አብጦ፣ ከታች በኩል ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጥተውበት ነበር። በዚያ ያለው የጤና ባለሙያ ያደረገውን ምርመራ እዚህ መግለጽ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ሆኖ ሳለ በጉዳያችን ትልቅ ፍንጭ የሰጠ እርሱ ነው። 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከደም ሥር ቀድቶ ንጹሕና ደረቅ በሆነ የመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ አደረገው፤ ሳይነካው ለ20 ደቂቃ አቆየው፤ ከዚያም አዘነበለው። ደሙ ረግቶ ነበር። ፕላስቲክ ብልቃጥ ለዚህ አይሆንም፤ በፕላስቲክ ውስጥ ጤናማ ደምም ላይረጋ ስለሚችል ያሳስታል። የረጋ ደም ማየት ማለት መርዙ የደሙን የመርጋት አቅም አልጨረሰውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ከመንዝ ለሽንኩርት ለቀማ የወረደ ወጣት የቀን ሠራተኛ ነው። ግንቦት ከገባ በኋላ፣ አሠሪው ተራውን እንዲጠብቅለት ልኮት ሳለ፣ በዚያው ቦይ ላይ ተነደፈ። እንደ ደጋ ልጅነቱ ቆላ ወርዶ ስለ ወባ ተነግሮት ነበር፤ ስለ እባብ የነገረው ሰው አልነበረም። አሠሪው የመጀመሪያውን ሰው መከራ ስላየ አላሰረውም፣ አልበጣውም፤ እንዳይራመድ ከልክሎ በባጃጅ ጭኖ በአንድ ሰዓት ከመንፈቅ ውስጥ አደረሰው። እብጠቱ ጉልበቱ ላይ ቆመ። የእርሱም ደም በ20 ደቂቃ ውስጥ ረጋ።

ሁለቱም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተላኩ። በተላኩበት ጊዜ የመርዝ ማርከሻው የት እንዳለ በስልክ ሲፈለግ የጠፋው ሰዓት የሁሉንም ሰው ትዕግሥት የጨረሰ ነበር፤ ይህ ደግሞ የአንድ ጤና ጣቢያ ጥፋት አይደለም። ለአፍሪካ እባቦች በስፋት ይሠራበት የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ ማርከሻ አምራቹ የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቁሟል፤ የመጨረሻው ምርትም በ2016 ጊዜው አልፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ሰጥቶ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ድርጅቱ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል።

በመንደሩ ግን ሌላ ሐሳብ እየተብላላ ነበር። ከቦዩ በስተምሥራቅ ያለው ገደላማ ቁጥቋጦ የእባቡ ቤት ነው ተብሎ ታመነ፤ ወጣቶቹም ሊያቃጥሉት ተነሡ። በግንቦት ነፋስ የተለኮሰ እሳት የት እንደሚቆም ስለማይታወቅ፣ የቀበሌው ሰዎች “መጀመሪያ ይጣራ” አሉ። እኔ የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ፍለጋው

አራት ሰዎች ነበርን፤ የውሃ አባቱ፣ አካባቢውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ወጣት የሰብል ጠባቂ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እኔ። ከግንቦት 5 እስከ ግንቦት 8 ያሉትን ሌሊቶች የመረጥንበት ምክንያት ጨረቃ የማትታይባቸው ስለነበሩ ነው፤ ብዙ የሌሊት እባቦች ጨረቃ ስትደምቅ ገላጣ ቦታ ላይ መውጣትን ይቀንሳሉ። በተጨማሪም ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ከገባ በኋላ በሌሊት የሚንቀሳቀሰው ሰው እንደሚበዛ የውሃ አባቱ ነግረውናል። በጨለማ ባትሪ እያበሩ በሰው ማሳ ዳር የሚዞሩ አራት ሰዎች ሌባ ተብለው እንዳይተኮስባቸው፣ ለቀበሌውና ለሚሊሻው አስቀድመን አስታወቅን። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከእባቡ በፊት መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ዕቃችን ጥቂት ነበር። ቡትስ ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ብየዳ ቤት ያሠራነው ጫፉ የታጠፈ የአንድ ሜትር ከሩብ ብረት፣ ክዳን ያለው ጥልቅ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪዎች፣ አንድ የሠርጀሪ ጓንት ሳጥን (ጓንቱ ለእባብ ጥርስ ምንም እንደማይፈይድ አውቀን፣ የሞቱትን ለመንካት ብቻ) እና ከሱቅ የተዋስነው የብር ኖት መፈተሻ መብራት። የመጨረሻው ለጊንጥ ነው፤ ጊንጥ በዚያ መብራት ሲመታ አረንጓዴ ፋኖስ ይመስላል። ከፊት የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ሌላው የእርሱን ዱካ እንዲረግጥ፣ ማንም እጁን ድንጋይ ሥር እንዳያስገባ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ሜዳውን፣ ማለትም ራሱን በረሃውን፣ ዞርነው። ከግራሮቹ ሥር በየመዓዝኑ ነጫጭ ነጠብጣብ ብርሃን ያብለጨልጫል። የሰብል ጠባቂው “የእባብ ዓይን ነው” ቢለኝም ቀርበን ስናይ ሁሉም ሸረሪት ነበሩ። የእባብ ዓይን እንደ ጅብ ወይም እንደ ድመት ዓይን ብርሃን መልሶ አያበራም፤ ስለዚህ በዓይኑ ብልጭታ እባብ አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ሌሊቱን ሸረሪት ሲቆጥር ያድራል። እባብን የሚያሳየው ጥላው ነው። ባትሪውን ግንባራችን ላይ አስረን ስንሄድ መሬቱ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ታየን፤ ወደ ወገባችን ዝቅ አድርገን ብርሃኑን አግድም ስንለቀው ግን እያንዳንዱ ጠጠር ጥላ አወጣ። ይህንን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብናል። በዚያ ሌሊት አምስት ጊንጥ፣ ቁጥር የሌላቸው እንሽላሊቶችና ከሩቅ የሚጮህ ጅብ አገኘን፤ እባብ አላገኘንም።

በሁለተኛው ሌሊት ይቃጠል ወደተባለው ገደል ሄድን፤ ስንመለስም የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልትን ይዘን ተጓዝን፤ አስፋልት የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የሌሊት እባቦች መንገድ ላይ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ያገኘነው አንድ መኪና የዳጠው ቡናማ የቤት እባብ ነበር፤ መርዝ የለውም፤ አይጥ አዳኝ ነው፤ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለገበሬው ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ ይሆነው ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ገደሉ ውስጥ፣ ከድንጋይ ካብ ሥር፣ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቀጭን እባብ አግኝተን ነበር። ጀርባው ላይ ጠቆር ያሉ ምልክቶች በሰልፍ ተደርድረዋል። ባትሪው ሲያርፍበት ራሱን እንደ ፈረስ ጫማ ጠቅልሎ ጎኑን ከጎኑ እያፋተገ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፋቅ ድምፅ አሰማ። እኔ በዚያ ቅጽበት እርግጠኛ ሆንሁ። በአፋር ቆላዎች የሚታወቀው፣ ኤኪስ የሚባለው ትንሹ እፉኝት እንዲህ ቅርፊቱን ቅርፊቱ ላይ እየፈተገ ያስጠነቅቃልና። በብረቱ አንሥተን ባልዲ ውስጥ አስገባነው፤ መንደር ስንደርስም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ለተሰበሰቡት ሰዎች “ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ገደሉ ውስጥ ነበር” አልኳቸው።

ያን ማለት አልነበረብኝም። በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ሳየው ጥርጣሬ ገባኝ። ጭንቅላቱ ጠባብና ከአንገቱ የማይለይ ነበር፤ የኤኪስ ጭንቅላት ግን ሰፋ ብሎ ከአንገቱ ይለያል። አፉን ከፍቶ ሲያስፈራራ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ታየ፤ የመርዝ ጥርስ አልነበረውም፤ እንዲያውም ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል። የዓይኑ ብሌን ቀጥ ያለ ስንጥቅ መሆኑን ሌሊት እንደ ማስረጃ ቆጥሬው ነበር፤ ይህ ግን ለመለየት አይጠቅምም፤ የሁለቱም ብሌን እንዲሁ ነው። ፎቶውን ለቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ላክሁላቸው፤ መልሳቸው አጭር ነበር፤ “እንቁላል በላ ነው፤ ልቀቀው።” ይህ እባብ የወፍ እንቁላል ሙሉውን ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ባሉ የአከርካሪ ሹል አጥንቶች ይሰብረዋል፤ ቅርፊቱን መልሶ ይተፋል። መርዝ ስለሌለው ራሱን የሚያድነው የመርዛማውን መልክና ድምፅ በመቅዳት ነው። እኔን በደንብ አድርጎ አታሎኛል። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” የሚለው ተረት ለእኔ በተገላቢጦሽ የሠራ መሰለኝ፤ እኔ ልጡን አይቼ እባቡን አገኘሁ ብያለሁና።

ስህተቱ በእኔ ማፈር ብቻ አላበቃም። ጠዋት ወጣቶቹ ችቦ አዘጋጅተው ነበር። ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ቆሜ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ከዚያም አንድ የሚያንገበግብ ጥያቄ መጣ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት የጠየቀችው። “መምህር፣ ኤኪስ ቢሆን ኖሮ የሁለቱም ደም በብልቃጥ ውስጥ ይረጋ ነበር?” አለችኝ። የኤኪስ መርዝ ዋና ጉዳት የደምን የመርጋት አቅም መጨረስ ነው፤ ድድና ቁስል ሳይቀር ያደማል። ሁለቱ ታካሚዎቻችን ግን ያበጡና የቆሰሉ እንጂ የደሙ አልነበሩም። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ነበረ፤ እኔ ሳልመለከተው በረሃ ለበረሃ እባብ ስፈልግ ነበር።

ክምሩ ሥር

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የውሃ አባቱ ቦይ ዳር ተቀምጠው ጠበቁኝ። “መምህር፣” አሉኝ፣ “አንተ እባቡን በበረሃ ትፈልጋለህ። በረሃ ላይ ምን ሊበላ ይቀመጣል? አይጡ እኛ ጋ፣ እንቁራሪቱ እኛ ጋ።” ከዚያ ተነሥተው ሁለቱ ሰዎች የተነደፉበትን ቦታ በእግራቸው ለኩልኝ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስድሳ እርምጃ አይሞላም። ሁለቱም ቦታዎች፣ ለከብት መኖና ለማገዶ ተብሎ ካለፈው ምርት ጀምሮ ከተከመረ አንድ ትልቅ የማሽላ አገዳ ክምር ግራና ቀኝ ናቸው። ክምሩ የቆመው ከቦዩ ድንጋይ ካብ ላይ ተደግፎ ሲሆን፣ ውሃ የሚመልሰው ሰው መረማመጃ በክምሩና በቦዩ መካከል የሚያልፍ የአንድ እግር ስፋት ያለው መስመር ብቻ ነው። እኔ በዚያ መስመር ላይ ወደ በረሃው ስሄድና ስመለስ አራት ጊዜ አልፌበታለሁ።

በዚያ ምሽት ጥቂት ካፊያ ጣለ፤ ቦዩ በእንቁራሪት ጩኸት ተሞላ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሰብል ጠባቂው ውሻ ከፊታችን ቀድሞ በመስመሩ ላይ አለፈ፤ አልቆመም፣ አላሸተተም። ከውሻው ኋላ ሁለት ሜትር ያህል ላይ፣ ብርሃኑን አግድም ስለቀው፣ የወደቀ አገዳ የመሰለኝ ነገር ወፍራም ጥላ እንዳለው አየሁ። ክንድ የሚያህል ወፍራም፣ ቢጫና ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ወደ ኋላ የተገለበጡ የአንበጣ እግር የመሳሰሉ ምልክቶች ያሉት እፉኝት ነበር። አልሸሸም። አንድ እርምጃ ስቀርብ አየር ሳበና ለቀቀ፤ የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ድምፅ እርሱ ነው።

በሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለው ይህ እፉኝት በአፍሪካ ሣርማ ሜዳዎች ላይ በስፋት የሚገኝ ነው። አድብቶ የሚያድን እንጂ ተዘዋውሮ የሚፈልግ ባለመሆኑ፣ አይጥ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ሲሄድም ብዙ ጊዜ እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብሎ በሆዱ እየተሳበ ስለሆነ ድምፅ የለውም። በደቡብ አፍሪካ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ምርምር ደግሞ የሠለጠኑ ውሾች ሌሎች እባቦችን በጠረናቸው ሲለዩ ይህን እባብ መለየት እንዳቃታቸው አሳይቷል፤ የጠባቂው ውሻ ሳይቆም ያለፈበትን ምክንያት ያነበብሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ሌላም ተመራማሪዎች የመዘገቡት ነገር አለ፤ እንቁራሪት ሲቀርብ ምላሱን ከአፉ አውጥቶ እንደ ትል እያወዛወዘ ያማልለዋል። እንግዲህ ውሃ የሚፈስበት፣ እንቁራሪት የሚጮኽበት፣ አይጥ የሚፈለፈልበት፣ ቀለሙም ልክ እንደ ደረቅ አገዳ የሆነ ቦታ ለዚህ እባብ ቢሠራለት ከዚህ የተሻለ አይሠራለትም ነበር። እኛ ነን የሠራንለት።

ፎቶ አንሥቼ ሳልጨርስ ከኋላ የመጣ ሰው በዱላ ገደለው። ተቆጣሁ፤ ግን የገደለው የመጀመሪያው ታካሚ ወንድም ነበርና ንዴቴን ዋጥሁት። ርዝመቱ 87 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሆዱ ውስጥ ሁለት አይጥ ነበር።

ሴት መሆኗን ሲረዱ አንድ ጎልማሳ “ልጆቿ ሆዷን ቀደው ሲወጡ ትሞት ነበር” አሉ። እፉኝት ስትፀነስ አባቷን፣ ስትወለድ እናቷን ትገድላለች የሚለው ከስብከት የምናውቀው ነገር ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ያለውን “የእፉኝት ልጆች” የሚለውን ተግሣጽም ብዙ ሰው በዚሁ ይተረጉመዋል። የታሪኩ ግማሽ እውነት አለው፤ ይህች እፉኝት እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። እናትየዋ ግን አትሞትም። በአንድ የቼክ መካነ አራዊት ውስጥ ከኬንያ የመጣች አንዲት እፉኝት በአንድ ጊዜ 156 ልጆች ወልዳለች። ቁጥሩን በነገርኳቸው ጊዜ ጎልማሳው “ይህንንስ ባትነግረን ይሻል ነበር” አሉ፤ ልክ ነበሩ ብዬ አስባለሁ።

በአራተኛው ሌሊት ከክምሩ አርባ እርምጃ ርቆ፣ በዚያው የቦይ ካብ ላይ፣ ሁለተኛውን አገኘን፤ አነስ ያለ ነበር። ባልዲውን በጎኑ አስተኝተን በብረቱ ጫፍ ቀስ እያልን አስገባነውና ከመንደሩ ወጣ ባለ ሸለቆ ውስጥ ለቀቅነው። በዚህ ውሳኔ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም፤ ከለመደው ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የተለቀቀ እባብ ብዙ ጊዜ መንገድ ጠፍቶት ሲንከራተት ይሞታል፤ ወይም ወደሌላ ሰው ቤት ይገባል። ነገር ግን በዚያ ምሽት ከፊቴ የነበረው ምርጫ ዱላው ወይም ባልዲው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ገደሉ አልተቃጠለም። ክምሩ ግን ተነሣ፤ የተነሣውም በቀን፣ ከላይ ወደ ታች፣ በመንሽ ነው፤ ሰዎቹ እጃቸውን እንዳያስገቡ የውሃ አባቱ ከአጠገባቸው ሳይለዩ ቆመው ነበር። ከሥሩ የወጣው የአይጥ ጎጆ ብዛት ስለ እባቡ ከተናገርሁት ሁሉ ይልቅ ሰዎቹን አሳመናቸው። አዲሱ ክምር ከቦዩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ተሠራ። በካቡ ውስጥ የነበሩት ክፍተቶች በጭቃ ተመረጉ፤ ይህ ግን አንድ ክረምት ከሚቆይ በላይ አይቆይም፤ በየዓመቱ መደገም አለበት።

ስለ ጫማ ብዙ ተከራከርን። የእኔ ሐሳብ ሁሉም ሰው ቡትስ ይግዛ የሚል ነበር፤ የውሃ አባቱ ሳቁብኝ። “ልጄ፣ ቡትስ የሚገዛ ቢሆን ሌሊት ተራ ይጠብቅ ነበር?” አሉ። የተስማማንበት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ከውሃ መዋጮ ላይ ተቀንሶ ሁለት ጥንድ ቡትስና ሁለት ባትሪ ተገዛ፤ ከውሃ አባቱ ቤት ይቀመጣል፤ የሌሊት ተራ የደረሰው ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት ለተከታዩ ያስረክባል። ባትሪውን ከወገብ በታች ይዞ መሄድ እንዳለበትም ተራውን ሲቀበል ይነገረዋል። በሐምሌ ተመልሼ ስሄድ ከባትሪዎቹ አንዱ ጠፍቶ ነበር፤ ቡትሶቹ ግን ከመልበስ ብዛት ተረከዛቸው አልቆ ነበር።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሦስት ነገሮችን በአጭሩ ጽፌ ሰጠኋት፤ እርሷ ደግሞ በራሷ አነጋገር ለየቤቱ አደረሰችው። የተነደፈን ሰው አታሰሩት፣ አትብጡት፤ ቀለበትና አምባሩን ቶሎ አውልቁለት፤ እንዳይራመድ አድርጋችሁ በተገኘው ነገር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እባቡን ገድሎ ይዞ መምጣት አስፈላጊ አይደለም፤ ሊገድለው የሄደው ሰው ሁለተኛ ታካሚ ሆኖ ይመለሳል። ስለ ጥቁሩ ድንጋይ በቀጥታ እንዳልናገር የመከረችኝ እርሷ ናት። የድንጋዩ ባለቤት በመንደሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውን ከመንቀፍ ይልቅ ቤታቸው ሄዳ “አባባ፣ የመጣብዎትን ሰው መጀመሪያ ወደ እኛ ይላኩልን፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይዎን ያድርጉለት” ብላ ለመነቻቸው። ተስማሙ። ይህ ዘዴ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ታካሚ በሦስተኛው ሳምንት ወደ መንዝ ተመለሰ፤ ቀሪ ደመወዙን አሠሪው ልኮለታል። የመጀመሪያው ግን ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቆዳ ሞቶ ስለተነሣ፣ ከጭኑ ተቆርጦ ተለጠፈለት። የመታሰሩና የመበጣቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን የሁለቱን ሰዎች እግር ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለቱ የደረሱበትን ሰዓት ሳይጠይቅ አያልፍም። አሁን በትንሹ እያነከሰ ይራመዳል፤ የሽንኩርት ማሳውንም አልተወም። የሌሊት ተራ ሲደርሰው ከጎረቤቱ የቀን ተራ ጋር ይለዋወጣል፤ ለዚህም በየወቅቱ ግማሽ ቀን የጎረቤቱን ማሳ ያርምለታል።